«በራሷ ፈቃድ»፦ የዓመት ፓኬጅ ከሚሸጥ ጂም ጋር ልትፈራረሙ ላሰባችሁ

ሜክሲኮ አካባቢ ከሚገኙት ጂሞች በአንዱ የዓመት ክፍያ ለመፈጸም ያሰባችሁ ሁሉ እጃችሁን እንድትሰበስቡ ይህን እጽፋለሁ። ስሙን የማልጠራው አቤቱታዬ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ነው፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕንፃው ፊት ለፊት «50 በመቶ ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ» የሚል ባነር የተሰቀለበት፣ ያ «ዛሬ» ደግሞ ወር ወርን ሲተካ የማያልፍበት፣ ሙዚቃው ገና ደረጃው ላይ ሳላችሁ የሚቀበላችሁ፣ ሪሴፕሽን ላይ «ይግቡ፣ ይጎብኙ፣ ግዴታ የለብዎትም» የሚሉ ትሑት ልጆች የሚያስተናግዱበት ቤት ነው። የዓመቱን 36,000 ብር በቴሌብር ስከፍል የጠየቁኝ ስልክ ቁጥሬንና መታወቂያዬን ብቻ ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም እንዳለብኝ፣ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ ከዚህ ቀደም ስፖርት ሠርቼ እንደማውቅ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ፓኬጁ የግል አሠልጣኝን ይጨምራል። አሠልጣኙ በስሜ ቢጫ ካርድ አውጥቶ የሠራሁትን ሁሉ በእስክሪብቶ ይሞላበት ጀመር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንደማልቀምስ፣ የምመጣውም ከሥራ በፊት በማለዳ እንደሆነ ገና ስንተዋወቅ ነግሬው ነበር። «በጣም ጥሩ፣ ስብ የሚቀልጠው እንዲያውም በጾም ነው» ሲል መለሰልኝ። ለዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጣ የኖረችን፣ ያልበላችና ያልጠጣች ሴት በመጀመሪያው ሳምንት 100 ስኳት (ቁጭ ብድግ) ያሠራት፣ ቀጥሎም እየዘለለች እንድትደግመው ያዘዛት ይኸው ሰው ነው። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይብቃኝ አልኩት። «የደከመው ጭንቅላትሽ ነው እንጂ እግርሽ አይደለም» ብሎ ከኋላዬ ቆሞ ጮክ እያለ ይቆጥርልኝ ገባ። በማግሥቱ ታፋዬ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ስደውልለት ደግሞ ሕመም በሥራ እንደሚወጣ ነግሮኝ አስመጣኝና እዚያው ላይ የእግር ሥራ ደገመኝ።

በዚያው ሌሊት ሁለቱም ታፋዎቼ አብጠው ጉልበቴ አልታጠፍ አለ፤ ሽንቴም የወፈረ ሻይ መሰለ። ሆስፒታል የመረመረኝ ሐኪም ራብዶማዮላይሲስ የሚባል ችግር መሆኑን አስረዳኝ። ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ በድንገትና ከመጠን በላይ ሲሠራ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ማዮግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባና ሽንትን ያጠቁራል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። የሰውነት ውኃ ማነስ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። ክሬቲን ካይኔዝ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤቴ ከልክ በላይ ሆኖ ስለተገኘ ተኝቼ በደም ሥሬ ፈሳሽ ተሰጠኝ። ኩላሊቴ ተርፏል፤ ምስጋና ለፈጣሪና ለሐኪሞቹ። እንደ ሐኪሙ አገላለጽ አዲስ ስፖርት የጀመረ ሰው የሚሰማው ተራ መዛል ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ በርትቶ በራሱ ይለቃል፤ እብጠት፣ እግርን ማዘዝ እስከማቃት የሚደርስ ድካምና የጠቆረ ሽንት ከታከለበት ግን በእረፍት ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጂሙን አምርሬ እንድጠላው ያደረገኝ ግን ሕመሙ አይደለም። የሐኪሙን ደብዳቤ ይዤ ትናንት ከሥራ መልስ ስሄድ የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነበር፦ ወይ አባልነቴ እስክድን ድረስ ይቁምልኝ፣ ወይም የተጠቀምኩበት ተቀንሶ ቀሪው ገንዘቤ ይመለስልኝ። ስመዘገብ ሻይ ያቀረበችልኝ የሪሴፕሽን ሠራተኛ ደብዳቤውን ሳታነብ በሁለት ጣቷ ወደ እኔ መልሳ ገፋችና የፈረምኩትን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች። ከታች፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል፣ በስፖርት ወቅት ለሚደርስ ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ መስመር አለ። «አንብበሽ ነው የፈረምሽው አይደል?» አለችኝ። እኔም ጉዳቱን ያመጣሁት ብቻዬን እንዳልሆነ፣ አሠልጣኙ ያዘዘኝ ሁሉ በቢጫው ካርድ ላይ እንደሰፈረ ነግሬያት ካርዱ እንዲመጣ ጠየቅኩ።

ሥራ አስኪያጁ አሠልጣኙን አስጠራው፤ ካርዱም መጣ። ያን ቀን የተሞላው መስመር እዚያው አለ፤ «ስኳት 100፣ ዝላይ 40» ይላል፣ በእጁ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። አሠልጣኙ አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለና የልጅቷን እስክሪብቶ ከእጇ ወስዶ ጣቴ ካረፈበት ቦታ አጠገብ፣ ከቁጥሩ በላይ ባለው ክፍት ቦታ፣ «በራሷ ፈቃድ» ብሎ ጻፈ። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው የጻፈው። የእርሷ እስክሪብቶ ጥቁር ስለነበር ሁለቱ ጽሑፎች አንድ እንዳልሆኑ ሕፃንም ይለየዋል። ከዚያም ካርዱን ለሥራ አስኪያጁ አቀበለው። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አስተካክሎ ካነበበ በኋላ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ጽሑፍ ላይ እያመለከተ፣ «ይኸው በራስሽ ፈቃድ ይላል እኮ፤ እኛ ምን እናድርግሽ?» አለኝ።

ልጅቷ ሳቋን በእጇ ጋረደች። አሠልጣኙ «ሰው ሁሉ ይሠራዋል፣ ሆስፒታል የገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። የካርዱን ፎቶ ላንሣ ስል ሥራ አስኪያጁ የድርጅቱ ንብረት መሆኑን ነግሮኝ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ስወጣ በሩ ላይ አንዲት ወጣት እናት «ይግቡ፣ ግዴታ የለብዎትም» እየተባለች ነበር። ቆም ብዬ ልነግራት ብሞክር የጥበቃ ሠራተኛው ክንዴን ይዞ ወደ ደረጃው ሸኘኝ።

እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት በሳምንት 6 ቀን፣ በ28 ቀን የሚለወጥ ሰውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ግን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው፤ ጀማሪም ከትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ይመክራል። ከባድ ሥራ የሠራ ጡንቻም ወደ ቀጣዩ ከባድ ሥራ ከመመለሱ በፊት ሁለት ቀን ያህል ቢያርፍ ይመረጣል። እንጦጦና ሰንዳፋ የሚሠለጥኑት ሯጮቻችን እንኳ ከከባድ ልምምድ ማግሥት እየተጫወቱ፣ በዝግታ የሚሮጡበት ቀን አላቸው። ዓለምን ለሚያሸንፉት የተፈቀደ እረፍት ለቢሮ ሠራተኛ የሚነፈግበት ምክንያት አይገባኝም፤ ምናልባት ያረፈ ደንበኛ ፎቶ ስለማይነሣላቸው ይሆናል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ትናንት ከሁለቱም አንዱን አላየሁም። ዛሬ ጠዋት የሐኪሙን ደብዳቤና የክፍያውን ደረሰኝ አያይዤ ለንግድ ቢሮ አቤቱታዬን አስገብቻለሁ።

የግድ መመዝገብ ካለባችሁ በየወሩ ክፈሉ፤ ብትታመሙ አባልነቱ እንዴት እንደሚቆም በጽሑፍ አስቀምጡ፤ በጾም ማለዳ ሳትጠጡ ከባድ ሥራ አትሥሩ፤ ሽንታችሁ ከጠቆረ አሠልጣኝ ጋር ሳይሆን ሆስፒታል ሂዱ። ካርዳችሁንም አሠልጣኙ ጽፎ እስክሪብቶውን እንዳስቀመጠ፣ በዚያው ቀን ፎቶ አንሡት።