ሳጥኑ ላይ «ጠንካራ» ይላል

ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል ሽሮ ታከተኝ። ምስርም ታከተኝ። ማታ ማታ የኮሪያ ድራማ የማይ ወንደላጤ ነኝና፣ ከሩዙ አጠገብ በትንሽ ሳህን የሚያቀርቧት ቀይ ነገር ዓይኔ ከገባች ቆይታለች። ዱቡ ጆሪም ትባላለች። ዱቡ ቶፉ ነው፣ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሳይ ነገር፤ ጆሪም ደግሞ መረቁ እስኪመጥ በሶስ ማብሰል። ቅቤ የላት፣ ሥጋ የላት። ጾም ናት እኮ!

ቶፉውን ያገኘሁት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ ሱፐርማርኬት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዋጋውን ስሰማ ያሰማሁትን ድምፅ እነሱም አይረሱትም። 349 ግራም የምትይዝ ትንሽ ሳጥን ናት። ለድሬ ሰው ትልቅ ጥቅም አላት፤ እስክትከፈት ድረስ ፍሪጅ አትፈልግም። በዚህ ሙቀት፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ላይዋ ላይ «ጠንካራ» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው ልበል? ግማሽ ውሸት። የዚህ ዓይነቱ ቶፉ የሚረጋው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። አይጨመቅም፣ ውሃው አይወጣለትም። «ጠንካራ» የሚባለው ከለስላሳዎቹ መሀል ጠንከር ያለው ነው። እኔ ይህን የተማርኩት መጥበሻ ላይ ነው። ዘይት ውስጥ ስጨምረው ተንጫጫ፣ ተረጨ፣ ስገለብጠው ፈረሰ። የቶፉ ፍርፍር ሆነልኝ። በላሁት፤ ጆሪም ግን አይባልም።

ሁለተኛዋን ሳጥን በብልሃት ያዝኳት። አንድ ጣት በሚያህል ውፍረት ቆርጬ ንጹህ ፎጣ ላይ ደረደርኩና ጨው ነሰነስኩበት። 20 ደቂቃ ተውኩት። ጨው ውሃውን ይስባል። ፎጣው ራሰ፣ ቶፉው ጠንከር አለ። በዚህ መሀል አከራዬ በበሩ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ አይብ?»

«አይብ አይደለም እትዬ። አኩሪ አተር ነው። ተነክሮ ይፈጫል፣ ወተቱ ይጠለላል፣ ከዚያ ይረጋል።»

«እና አይብ ነዋ!» ብለውኝ ሄዱ።

ዋናው ጉዳይ ግን በርበሬው ነው። ኮሪያኖች የሚጨምሩት ጎቹጋሩ ይባላል። ፍሬው ወጥቶለት፣ ደርቆ፣ ሸካራ ሆኖ የተፈጨ ቀይ በርበሬ ነው። ሌላ ቅመም አይገባበትም። እዚህ ፈልጌ አጣሁ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ የላከችልኝን በርበሬ ጨምሬ ነበር። እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ አልሆነም። ኮረሪማውና በሶብላው ከሶያ ሶሱ ጋር ተጣሉ። ወጥ ነው እንዳልል ወጥ አይደለም። ሚጥሚጣማ አይታሰብም፤ የሚፈለገው ሙሉ ማንኪያ ነው፣ ማን ይችለዋል?

ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ዛላ በርበሬ ገዛሁ። ሰንጥቄ ፍሬውን አራገፍኩና ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። የድሬ ፀሐይ ይመቻት አቦ፣ በአንድ ቀን እንደ ቅጠል አንኮሻኮሸችው። የአከራዬን ሙቀጫ ተውሼ ሽርክት አድርጌ ወቀጥኩት። ግቢው በሙሉ አስነጠሰ። ቀለሙ ደማቅ፣ ማቃጠሉ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር ወጣ። ከቶፉው ይልቅ የኮራሁት በዚህ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ቶፉውን ከጨውና ከውሃው ጠራርጌ በትንሽ ዘይት ሁለቱንም ጎኑን እስኪቀላ ጠበስኩ። ሳትነካካው ቆይ፤ ራሱ መጥበሻውን ሲለቅ ነው የሚገለበጠው። ሶሱ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተከትክቶ፣ ቆንጠር ያለ ስኳር፣ የሽንኩርት ቅጠልና አንድ ሲኒ ውሃ ነው። ጨው እንዳትጨምር፤ ሶያ ሶሱ ይበቃል። ላዩ ላይ አፍስሼ መፍላት ሲጀምር መብራት ሄደ። ከሰል አቀጣጠልኩ። 10 ደቂቃ ያህል መረቁን በማንኪያ እየቀዳሁ ላዩ ላይ መለስኩበት። መጨረሻ ላይ ጥቂት የሰሊጥ ዘይትና የተቆላ ሰሊጥ።

ከሩዝ ጋር በላሁት። ውጪው ማኘክ የሚፈልግ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሱ ነጩን ሩዝ እያቀላው። ከእንጀራ ጋርም ሞክሬዋለሁ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነትና የሶሱ ጨው አልተስማሙልኝም። የተረፈው በማግስቱ ቀዝቃዛውን ሲበላ ይበልጥ ይጣፍጣል። ኮሪያኖቹም ቀዝቃዛውን ይበሉታል።

ሳጥኗን ድጋሚ እገዛለሁ ወይ? ለሾርባ፣ ምናልባት ደሞዝ በወጣ ሰሞን። ለጆሪም አልገዛትም። ጣዕሟ ንጹህ ነው፣ ቅር የሚያሰኝ ሽታ የላትም፤ ግን በዚያ ዋጋ ጨው ነስንሼ፣ ፎጣ አንጥፌ፣ እንዳይፈርስብኝ እየጸለይኩ መጥበስ የለብኝም። ትናንት አንድ ኪሎ አኩሪ አተር ገዝቼ ነክሬያለሁ። ወተቱን በሎሚ አርግቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድንጋይ እጭንበታለሁ።

እትዬ ባልዲውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማጥለያ ሻሹን ግን አበደሩኝ።