ባለጎማ ክሪኬ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ «ያው ዘይት ነው» ያለኝን ሻጭ አልረሳውም

ሚያዝያ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት የቪትዜን የፊት ግራ ጎማ ፈትቼ የፍሬን ሸራ ልቀይር ስዘጋጅ ባለቤቴ ከበረንዳ «ቡና ደርሷል» አለችኝ። ወጣሁ። ቶናውን ጨርሼ ስወርድ መኪናዋ አንገቷን ደፍታለች። ክሪኩ አልተንሸራተተም፣ አልተሰበረም፤ እዚያው እንደቆመ ቀስ እያለ ወርዷል። የመኪናዋ ወገብ ያረፈው ከስር አስገብቼው በነበረው የተፈታ ጎማ ላይ ነው።

ጎማውን ከስር ማስገባት የለመድኩት ከአጎቴ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ የተፈታ ጎማ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ካየ ይቆጣ ነበር። ያን ቀን ዲስኩ መሬት ሳይነካ የቀረው በሱ ቁጣ ነው። እጄ ወይም እግሬ ከስር ቢሆን ኖሮስ የሚለውን ማታ ተኝቼ ነው ያሰብኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ ስለዚህ ክሪክ ነው የምጽፈው። ባለ 2 ቶን፣ ባለጎማ፣ ሃይድሮሊክ፣ ቀይ ቀለም። መስከረም ላይ ሶማሌ ተራ ከአንድ ሱቅ ገዛሁት። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ የምታውቀው ሌላ ቁጥር ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ሊሸጥልኝ የፈለገው 3 ቶኑን ነበር። «ፋዘር፣ 3 ቶኑን ውሰድ፣ አትጸጸትም» እያለ አስር ጊዜ ደጋገመው። ወንድሜ፣ ቪትዝ እኮ ነው የምነዳው! ሙሉ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ያውም ክሪክ የሚያነሳው አንዷን ጥግ እንጂ ሙሉዋን አይደለም። ቶኑን ትቶ ዝቅታውን ቢነግረኝ ይሻል ነበር። የኔው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 13.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በደህና ቀን በቀላሉ ይገባል፤ ጎማ ተንፍሶ መኪናዋ ቁጭ ባለች ቀን ግን ግንባሩን እየገጨ ይመለሳል። ያኔ ከመኪናዋ ጋር በመጣው፣ እየተጠመዘዘ በሚነሳው ክሪክ ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው የማስገባው። ክሪክን በክሪክ ማንሳት ማለት ነው። ይህን ማንም አይነግርህም።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሥራውን ሠራ። ጎማ አዘዋወርኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ ለጋራዥ ሳልከፍል ቆየሁ። ምናለሽ ተራ ያገኘሁትን የበረባሶ ሶል ክሪኩ ራስ ላይ አድርጌ ስለምሠራ የመኪናዋ የወገብ ጠርዝም አልተጨፈለቀም። ስለዚህ ዘመን ሌላ የምለው የለኝም።

ጥር ላይ ነው ነገር የመጣው። ለጥምቀት ቤተሰብ ጋ ስንሄድ ክሪኩን የኋላ ኮፈኑ ውስጥ በጎኑ አስተኝቼ ወስጄው ነበር። ስንመለስ ዘንጉ የሚገፋው ነገር የሌለ ይመስል ልፍስፍስ አለ፤ ሃያ ጊዜ ብረግጠው የድሮውን ግማሽ ከፍታ እንኳ አይደርስም። ለሻጩ ደወልኩ። ሳያስጨርሰኝ «ዘይት አንሶት ነው ፋዘር። የፍሬን ዘይት ጨምርበት፣ ያው ዘይት ነው» አለኝ።

ጨመርኩበት። ደግሞ ሠራ! ሻጩን መረቅኩት።

አሁን ሳውቀው ክሪኩ ምንም አልነበረውም። በጎኑ ስለተኛ አየር ገብቶበት ነው። መድኃኒቱ የመልቀቂያውን ቫልቭ ከፍቶ፣ መኪና ሳይጫን፣ ዘንጉን አስራ አምስት ጊዜ ያህል መርገጥ ነበር፤ ከዚያ ክሪኩ እንደወረደ የዘይት መሙያውን ውታፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ አየሩን ማስተንፈስ። የአምስት ደቂቃ ሥራ፣ ሳንቲም የማያስወጣ። እኔም ዘይት ልጨምር ውታፉን ስከፍት አየሩ ወጥቶ ስለዳነ ዘይቱ ያዳነው መሰለኝ።

ዋናው ብስጭቴ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁሉም ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት። የፍሬን ዘይት ግን ዘይት አይደለም! ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ከግላይኮል (የአልኮል ዘመድ ከሆነ ኬሚካል) ወገን የተሠሩ ፈሳሾች ናቸው። ካላመናችሁ እንደኔ ሞክሩት፦ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅርቡ፣ አንዱ ላይ የሞተር ዘይት ጠብታ፣ ሌላው ላይ የፍሬን ዘይት ጠብታ ጣሉ። የሞተሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ የፍሬኑ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። (ብርጭቆዎቹን መልሼ ወደ ኩሽና ላስገባ ብዬ የተባልኩትን አልደግመውም።)

የክሪክ ኦሪንግ ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዝ፣ ለማዕድን ዘይት (ከድፍድፍ ነዳጅ ለሚወጣው) ተብሎ የተሠራ የጎማ ቀለበት ነው። ግላይኮል ሲያገኘው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ዘይቱን መያዝ ይተዋል። የፍሬን የጎማ ቀለበት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የሞተር ዘይት ፍሬን ውስጥ የጨመረ ሰው ቀለበቶቹን አሳብጦ ፍሬን አልባ መኪና ይነዳል።

ምልክቱ ፊቴ ነበር። የካቲት ላይ በመሙያው ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለም እየተሸበሸበ ይላጥ ጀመር። «የቻይና ቀለም» ብዬ ሰደብኩ። ቀለሙ ምን አደረገ? የፍሬን ዘይት የፈሰሰበትን ቀለም ይልጣል፤ ስጨምር ያፈሰስኳት ጠብታ ነበረች የምትልጠው። ውስጡን ምን እያደረገው እንደሆነ ከውጭ እያሳየኝ እኔ ፋብሪካውን እረግማለሁ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ለማረጋገጥ ሞከርኩ። መኪናዋን በመደገፊያ ብረት ላይ ሳይሆን በክሪኩ ላይ አንስቼ፣ ጎማዋን ሳልፈታ፣ ማንም እንዳይጠጋ አድርጌ፣ ጎማው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አራት ጣት ወርዳለች። ሳይንጠባጠብ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ቢንጠባጠብ እኮ ያስታውቅ ነበር፤ ይህ በውስጥ ነው የሚያልፈው።

ፈታሁት። ትልቁን ዳዶ በቁልፍ ስላቃተኝ ሰፈራችን ያለ ብየዳ ቤት ሄጄ ክሪኩን በሞርሳ፣ ብረት ጨብጦ በሚይዘው መሣሪያ፣ አስሬ ነው የፈታሁት። የወጣው ፈሳሽ የተበጠበጠ የቡና አተላ ይመስላል። ኦሪንጎቹ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ አብጠዋል፤ አንደኛውን በጥፍሬ ስጫነው ተሰነጠቀ። ከመልቀቂያው ቫልቭ ስር ያለችው የብረት ብይ ግን እንደ አዲስ ታበራለች፤ ሲሊንደሩ አንድ ጭረት የለበትም። ይህን ሳይ ክሪኩን ይቅርታ ልለው ምንም አልቀረኝም። ብረቱ ደህና ነው፤ የገደልነው እኔና ሻጩ ነን።

ኦሪንጎቹን ናሙና ይዤ ሶማሌ ተራ ተመለስኩ፤ ያው ሱቅ ግን አልገባሁም። በልቤ ግን መንገዱን ሙሉ ከሻጩ ጋር ተከራክሬያለሁ። «ፋዘር፣ ሁሉም እኮ ይኸንኑ ነው የሚጨምረው» ይለኛል። ሁሉም ስለሚጨምረው አይደል ሁሉም ክሪክ የሚወርደው! «ግን ሠርቶልህ ነበር» ይለኛል። እዚህ ላይ መልስ አጣሁ።

ውስጡን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አዲሶቹን ኦሪንጎች ዘይት ቀብቼ ገጠምኩ። ቁጥር 32 የሃይድሮሊክ ዘይት ሞላሁበት፤ የወሰደው ሁለት የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። አየሩን አስወጣሁ፣ ጠመኔዬን አሰመርኩ። ምሳ በልቼ ስመለስ መስመሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ ግዛ። ከየካቲት ጀምሮ ስረግመው ኖሬ አሁን ሰው ሲያጣጥለው ደሜ ይፈላል። ግን ከክሪኩ ጋር በዚያው ቀን ሁለት መደገፊያ ብረት ግዛ፤ እነሱን የሚያስቀርህ ገንዘብ ከሆነ ክሪኩን አቆየው። ከኋላ ጎማ ታኮ፣ ከወገብ ስር መደገፊያ፣ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚገባው። የኔው ክሪክ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አይደለም ይላል፤ ያነበብኩት በስምንተኛው ወር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ክሪኩን ተውሶኝ ነበር። ማታ ሲመልስልኝ ጠርጎ፣ አብሶ፣ ዘንጉን አጥፎ ነው። አመሰገንኩት። ደረጃውን ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣

«እግረ መንገዴን ትንሽ ዘይት ጨምሬበታለሁ» አለኝ።

«የምን ዘይት?»

«ኧረ ዘይት ነው ባክህ!»