ለጀማሪ ቪዲዮ ሠሪ መጀመሪያ ማይክ፦ ኮዬ ፈጬ ኩሽና ውስጥ የተሞከረ

ቪዲዮ መሥራት ልጀምር ነው፣ መጀመሪያ ምን ልግዛ የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ አንድ ነው፣ ማይክ። ካሜራ አይደለም፣ ያቺ ክብ መብራትም አይደለችም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ለጊዜው ይበቃል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት በመስኮት የሚገባው ብርሃንም ከብዙ መብራት ይሻላል። ድምፅ ግን በስልኩ ብቻ አይሆንም፣ በተለይ እንደኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ።

እኔ የምሠራው የምግብ ቪዲዮ ነው፣ ኮዬ ፈጬ፣ እዚሁ ቤቴ ኩሽና። ሰፈራችን ጸጥ የሚልበት ሰዓት የለም። አንዱ ጎረቤት ግድግዳ ያስበሳል፣ ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ፣ ከታች ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልክ የቅመሙን መጠን ልናገር ስል ደግሞ «ቆራሌው!» የሚለው ይመጣል። ስልኩን ትሪፖድ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሜትር ከራቃችሁት የእናንተንም የቆራሌውንም ድምፅ አንድ ላይ ነው የሚቀዳው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል። የምትሉት ካልተሰማው ግን አይጠብቃችሁም፣ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፋል።

የምጠቀመው ልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ነው። ሁለት ትንንሽ ማይክ አለው፣ አንድ ደግሞ ስልኩ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ላይ የሚሰካ መቀበያ። ቻይና ሠራሽ ነው፣ የታወቀ ስም የለውም፣ ተመሳሳዩ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ሞልቷል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያቱም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ዛሬ የምጽፈው ነገ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ስም ካላቸው ማይኮች ጋር ሲተያይ ግን በብዙ ያንሳል።

ሥራውን ይሠራል ወይ? ይሠራል፣ በደንብ። ሚስጥሩ ቅርበቱ ነው። ማይኩ ከአገጫችሁ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ሲሰካ ድምፃችሁ ከዙሪያው ጫጫታ በብዙ ይበልጥበታል። የመሰርሰሪያው ድምፅ አይጠፋም፣ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ንግግራችሁ ፊት ይመጣል። በጣም አታስጠጉት ደግሞ፣ አፍ ሥር ከሆነ ትንፋሻችሁ ይገባበታል።

ሁለተኛዋን ማይክ እንደ ትርፍ ዕቃ አትዩዋት። አንዲት ጎረቤት እናት አሉ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ የዶሮ ወጥ አሠራራቸውን ሊያሳዩኝ ፈቅደው ቤቴ መጡ። ማይኳን ስሰካላቸው «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ናት የኔን ነገር የምትሰማው?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ እርስዎ ዝም ብለው ያውሩ» አልኳቸው። «በይ እንግዲያ እኔ ወጤን ልሥራ» ብለው ቀጠሉ፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ሲያወሩም አንዲት ቃል አልጠፋችም። በስልኩ ማይክ ቢሆን ያ ሁሉ ወግ ጭስ ሆኖ ይቀር ነበር። እንዲህ ያሉ እናቶች የሚያውቁት ነገር ጥርት ብሎ መቀዳት አለበት፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ነጠላ ላይ ግን ማይክ አትስኩ። ስስ ጨርቅ ስለሆነ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ማይኩን እያሻሸ ኮሽኮሽ የሚል ድምፅ ያስገባል። ቀሚሱ አንገት ላይ ሰክታችሁ የነጠላውን ጫፍ ወደ ኋላ ማድረግ ነው። የአንገት ሐብልም እንደዚሁ፣ ይነካዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ብዙ ሰው ሳይነግራችሁ የሚያልፈው። ማይኩ ላይ ጫጫታ የሚቀንስ ቁልፍ አለ፣ ሻጩም በኩራት የሚያሳያችሁ እሱን ነው። ያ ቁልፍ የሚያጠፋው ሳያቋርጥ የሚሰማ ሹክሹክታ መሳይ ድምፅን ነው፣ የማራገቢያ፣ የፍሪጅ፣ ራቅ ያለ የመኪና። ቆራሌውን አያስቆመውም፣ የሰው ድምፅ ነውና። ሽንኩርት ሲቁላላ የሚሰማው ቸስስስ የሚለው ድምፅ ግን ለማሽኑ ከማራገቢያ አይለይም። ጠራርጎ ይወስደዋል! ቁሌቱ ሳይሰማ ድስት የሚያሳይ ቪዲዮ ምኑን ያስጎመጃል? የራሳችሁንም ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ምግብ የምትሠሩ፣ ልብስ የምትሰፉ፣ እንጨት የምትሠሩ፣ የሥራችሁ ድምፅ የቪዲዮው ግማሽ ነው፣ ቁልፉን አጥፉት። ቆማችሁ የምታወሩ ብቻ ከሆነ፣ ያውም ጫጫታው ካስቸገረ፣ አብሩት።

ማይኩ የማይፈታው ችግር ደግሞ ገደል ማሚቶ ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍል ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ከሆነ ድምፅ እየተላተመ ይመለሳል፣ ማይኩም ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚቀበል አብሮ ይቀዳዋል። መፍትሔው ቤታችሁ አለ፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከካሜራው ጀርባ ስቀሉ፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ጣል አድርጉ። ክፈፉ ውስጥ አይታይም፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

ውጪ ስትወጡ ነፋስ አለ። የኛ ሰፈር ገና ብዙ ሜዳ ስላለው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አይጣል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ጸጉራም ሽፋን አለ፣ እሱን ሳታለብሱ አትቅረጹ። ሽፋኑ ከሌለ ሻጩን ጠይቁ፣ ያለሱ ውጪ ላይ ዋጋ የለውም። ከስልኩ በጣም አትራቁ፣ ጀርባችሁንም አትስጡት፣ ሰውነታችሁ ሞገዱን ስለሚከልለው ድምፁ ይቆራረጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን ቀዳዳ እወቁ። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ታይፕ ሲ ናቸው፣ አይፎንም እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው አይፎን 15 ጀምሮ ወደዚያው ዞሯል፣ ከዚያ በፊት ያሉት ላይትኒንግ ናቸው። ተሳስታችሁ ብትገዙ አይገባም። አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ገብታችሁ ኦቲጂ የሚለውን ካላበራችሁት ማይኩን አያውቀውም። አንድሮይድ ላይ የስልኩ የራሱ ካሜራ በውስጡ ማይክ ብቻ ሙጭጭ ካለ ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ አውርዱና የድምፅ ምንጩን ውጫዊ ማይክ አድርጉት። መቀበያው ጎን ላይ የቻርጀር ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፣ ማይኩ ከተሰካ ስልኩን በገመድ ቻርጅ ማድረጊያ ሌላ መንገድ የለማ። መብራት ይጠፋል፣ ማይኮቹንም ማታውኑ ሞልታችሁ እደሩ።

መብራት ካነሳሁ፣ ማታ በአምፖል ስትቀርጹ ምስሉ ላይ መስመር እየተርገበገበ ካስቸገራችሁ ስልኩ አልተበላሸም። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በእጅ በሚስተካከል ካሜራ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። አዲስ መብራት ለመግዛት አትሩጡ።

ገንዘብ ያመጣል ወይ ለምትሉኝ፣ ማይክ ገንዘብ አያመጣም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ሊያካፍላችሁ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የዩቲዩብ አጭር ቪዲዮ) ዕይታ ይጠይቃል፤ ሾርትስ ገጹ ላይ የታየው ሰዓት ደግሞ ከ4,000ው አይቆጠርም። ረጅም መንገድ ነው፣ ስለዚህ የቤት ኪራይና የአስቤዛ ገንዘብ እዚህ ላይ አታፍስሱ። በደንብ የሚሰማ ቪዲዮ ግን ሰው እስከ መጨረሻው የማየት ዕድሉን ይጨምራል፣ ሰዓቱም የሚጠራቀመው በዚያ ነው።

ከ5 ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት መስኪያው ስለላላ ነው፣ ወፍራም ሹራብ ላይ አይቆምም፣ ማግኔት ያለው ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብር ሳትከፍሉ እዚያው ሰክታችሁ ቅዱ። ሁለቱንም ማይክ በየተራ ሞክሩ፣ አሥር እርምጃ ርቃችሁ አውሩ፣ ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ አድምጡት። ሻጩ እሺ ካላለ አመስግናችሁ ወደ ጎኑ ሱቅ እለፉ።