መለኪያ ገዛሁ፣ በስንጥር ጨረስኩ

የአፈር እርጥበት መለኪያ የሚባለውን ዕቃ ገዝቼ ሰባት ወር ያህል ተጠቀምኩበት። ሰዎች "ይሠራል ወይ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ፀሐይ የሚያገኘው አንዱ መስኮት ብቻ። አምና አንዲት ፒስ ሊሊ ነበረችኝ፣ ቅጠሏ የሚያብለጨልጭ፣ ነጭ አበባ ያወጣች። "በሳምንት ሁለቴ ውሃ አጠጪ" ተብዬ ነበር፤ አጠጣሁ። ኅዳር ላይ ቅጠሏ ጠወለገ። ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ይብስ ጠወለገች። ደግሜ ጨመርኩ። በመጨረሻ ከነአፈሯ ስመዛት ሥሯ ቡናማ ሆኖ ተልፈስፍሷል፣ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ልጡ ተገፎ ክር ብቻ ቀረ፣ ሽታው ደግሞ ጓሮ የተረሳ አተላ።

ለካ የጠማውም የሰጠመውም ተክል ከላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው የሚጠወልገው። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ከሞላው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም፤ ውሃ መሀል ቆሞ በጥም ይሞታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በላይ በላዩ ማጠጣት!

ከዚህ በኋላ ነው ቴሌግራም ላይ መለኪያውን ያየሁት። አዘዝኩ፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተላከልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። አንድ ደህና የሸክላ አበባ ዕቃ ይገዛ ነበር፣ እሱን ያህል ነው።

ዕቃው አረንጓዴ ፕላስቲክ ራስ አለው፣ ከሥሩ ሁለት ሹል ዘንግ፣ አንዱ ነጣ ያለ ሌላው ቀላ ያለ። ራሱ ላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር እና መርፌ አለ። በ1 በኩል ደረቅ፣ መሀሉ እርጥብ፣ በ10 በኩል ጭቃ። ፊቱ ላይ ማዞሪያ አለ፣ እርጥበት፣ ብርሃንና የአፈር አሲድነት ይለካል ተብሎ። ሻጩ "ባትሪ አይፈልግም፣ ዕድሜ ልክሽን ትጠቀሚበታለሽ" ብሎኝ ነበር። ባትሪ አለመፈለጉ እውነት ነው። ሁለቱ ዘንጎች የተለያየ ብረት ስለሆኑ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገቡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ መርፌውን የሚገፋው እሱ ነው። አፈሩ ራሱ ባትሪ ሆነ በሉት።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ዕቃው ውሃውን አይደለም የሚለካው፣ ያችን ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ቀን ነገሩ ስላልገባኝ በብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ቀዳሁና ዘንጎቹን ነከርኩ። መርፌው ወጣና መሀል ላይ ቆመ። ቆንጠር አድርጌ ጨው ጨመርኩበት። መርፌው ተስፈንጥሮ ጥግ ደረሰ። ውሃው ያው ውሃ ነው እኮ! ስለዚህ ማዳበሪያ የበዛበት ወይም አመድ የተነሰነሰበት አፈር ከሆነ መለኪያው ከእውነቱ በላይ እርጥብ ነው ይላችኋል። እሱን አምናችሁ ተክሉን በጥም ትጨርሱታላችሁ።

ተቃራኒውም አለ። ያቺን እንደ ጎራዴ ቀጥ ብላ የምትወጣውን ሳንሴቪዬሪያ ሬድ አሽ (ቀዩ ጠጠር) በበዛበት አፈር ነው የተከልኳት፣ ውሃ ቶሎ እንዲያልፍ። እሷ ላይ መለኪያው ሁሌም 1 ነው የሚለው። ዛሬ አጠጥቼ ነገ ብለካ 1። ጠጠሩ መሀል ክፍተት ስለሚበዛ ዘንጎቹ አፈሩን በደንብ አይነኩትም። ይህን ባላውቅ ኖሮ እሷም ፒስ ሊሊን ትከተል ነበር።

በእኛ መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከዕቃው ግድግዳ ይሸሻል፣ ታውቁታላችሁ። መለኪያውን ስትወጉት ወይ አይገባም ወይ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አየር ይለካል። እኔ በጉልበት ስገፋው አንዱ ዘንግ ጎበጠ። አንድ ዕቃ ላይ ሦስት ቦታ ወግቼ 3፣ 7 እና 4 ያነበብኩበት ቀን አለ። (እንዲህ የተሰነጠቀ አፈር ላይ ውሃ ብታፈሱ በጎን በኩል ወርዶ ሳህኑን ይሞላል፣ መሀሉ ግን ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ ከሥር ይስባል።)

አሁን ደግሞ የሚመሰገንበትን። 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ የተተከለ የጎማ ዛፍ አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱ ፀሐይ የሚባል አያይም። የባልዲው አፈር ከላይ ነጥቶ ደረቅ ይመስላል፣ ጣቴን ብሰድም ደረቅ ነው። መለኪያውን እስከ አንገቱ ሰደድኩት፣ 9! ሥር ድረስ ጭቃ ነበር። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ጠብታ ውሃ አልሰጠሁትም፣ አንድ ቅጠል እንኳ አልጣለም። ለዚህ ለዚህ፣ ጣት ለማይደርስበት ትልቅ ዕቃ፣ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ሳይሆን መውረድ መውጣቱን ነው የማየው፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር፣ አሁንስ?

የብርሃን መለኪያው አይከፋም፣ የትኛው መስኮት እንደሚሻል ለማወዳደር ይረዳል። የአሲድነቱ ግን ለጌጥ ነው። ሁሉም ቦታ 7 ይላል። ሎሚ ጨምቄበት እንኳ ንቅንቅ አላለም፣ ግትር!

አንድ ጥፋት የኔ ነው። አፈሩ ውስጥ ተክዬው ለሁለት ሳምንት ረሳሁት። ሳወጣው ዘንጎቹ ደብዝዘው ቅርፊት ይዘዋል፣ መርፌውም ተልፈሰፈሰ። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ሳሸው ተመለሰ። ለክታችሁ ወዲያው አውጡት፣ በጨርቅ ጠርጉት። "ዕድሜ ልክ" የተባለው እንግዲህ የማን ዕድሜ እንደሆነ እንጃ።

ጎረቤቴ አሮጊት ናቸው፣ በረንዳቸው ላይ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካንና በዘይት ቆርቆሮ ጤና አዳም፣ ጥብስ ቅጠልና እሬት አሰልፈዋል። አንዱም ሞቶባቸው አያውቅም። መለኪያውን ሳሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና "እና ይሄ ነው እሚነግርሽ? ጣት የለሽም አንቺ ልጅ?" አሉኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን በአንድ እጃቸው ነቅነቅ፣ ከፍ አደረጉት። "ከበደኝ። አልጠማውም" አሉና አስቀመጡት። ሥራቸው ይህችው ናት።

ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። የመኒ ፕላንቴን ዕቃ አጠጥቼ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ በኩሽና ሚዛን መዘንኩት፣ 2 ኪሎ ከ300 ግራም። ቅጠሏ ለስለስ ማለት ስትጀምር 1 ኪሎ ከ600። 700 ግራም ልዩነት እጅ ያውቀዋል፣ ሚዛንም አያስፈልግም። ሁለት ሦስቴ አንስታችሁ ከለመዳችሁት በቃ። ትንንሽ ዕቃ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላየሁም። ባልዲውን ግን ማን ያነሳዋል?

ለመካከለኛው ዕቃ ስንጥር ነው። ድፎ ዳቦ መብሰሉን እንደምናየው ማለት ነው። ቀጭን ያልተቀባ እንጨት፣ የሥጋ መሰኪያውም ይሆናል፣ በዕቃው ጠርዝ በኩል እስከ ታች ሰዳችሁ አሥር ደቂቃ ትተዉታላችሁ። ስታወጡት ጠቆር ብሎ አፈር ከያዘ ቆዩ። ንጹሕ ሆኖ አቧራ ብቻ ካለበት አጠጡ። ካጠራጠራችሁ ጫፉን ከንፈራችሁ ላይ አስጠጉት፣ እርጥበት ካለው ይቀዘቅዛል። ጨው አያታልለው፣ ባትሪ የለው፣ ሲሰበር ሌላ። ሊጡ ያልበሰለ ድፎ ማን ያወጣል? እንደዚያው ነው።

"በየስንት ቀኑ?" ብላችሁ አትጠይቁኝ። እህቴ ሸዋ ሮቢት ናት። ከኔው መኒ ፕላንት ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰጥቻታለሁ፣ ያው አንድ ተክል በሉት። እሷ ጋ ቆላው ላይ በሦስት ቀን አፈሩ ይደርቃል። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የኔዋ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ተርማበርን ተሻግሮ መውረድ ብቻ ይህን ያህል ይለውጣል። ብርድ ላይ ተክል እድገቱን ይቀንሳል፣ ትንሽ ነው የሚጠጣው። በዚያ ላይ ሸክላ በግድግዳው ስለሚተነፍስ ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል። ተክሉም ይለያያል፤ እሬትና ሳንሴቪዬሪያ አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ ቢጠብቁ ደስታቸው ነው፣ ጤና አዳምና ጥብስ ቅጠልም ጭቃ አይወዱም፣ በሶብላ ግን አንድ ቀን ብትረሷት ትቀየማለች። አዲሷ ፒስ ሊሊዬ ትንሽ ደፋ ስትል ትናገራለች፣ ካጠጣኋት በሰዓታት ቀና ትላለች። አሁን ግን ከማጠጣቴ በፊት ስንጥሩን እሰዳለሁ፣ አንዴ ተታልያለሁና።

ስታጠጡ ደግሞ በደንብ አጠጡ፣ ከሥሩ ቀዳዳ እስኪወጣ። ከዚያ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ካላችሁ በጋለ ምስማር ብሱት፣ ያለዚያ የትኛውም መለኪያ አያድናችሁም። በእኛ ሰፈር ውሃ በወረፋ ነው የሚመጣው፣ በረንዳ ላይ በበርሜል ያደረው ጠዋት በረዶ ነው። ቤት ውስጥ አስገብቼ እስከ እኩለ ቀን አቆየዋለሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 ኮከብ 2 ተኩል። ትልልቅ ዕቃ ያለው ሰው ይግዛው። መስኮት ላይ አራት ትንንሽ ዕቃ ብቻ ያለው ሰው ብሩን ለቡና ያውለው።

ለፋሲካ እህቴ መጥታ መለኪያውን አይታ "ስጪኝ" አለች። የጎማ ዛፉ ስላለ አልሰጠኋትም። የሥጋ መሰኪያ እንጨት ሁለት ሰጥቼ ሸኘኋት፣ እስከ መናኸሪያ ድረስ ስታኮርፍ ነበር።