ጡረታ የወጡ ዲፕሎማቶች ሲያወሩ፦ ስለ አንድ ነፃ ማኅደር

ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ የማነበው ይሄንን ነው። የዲፕሎማሲ ጥናትና ሥልጠና ማኅበር የሚባል ድርጅት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ። ሥራው ጡረታ የወጡ ዲፕሎማቶችን ቁጭ አድርጎ ማስወራት ነው። በ1985 ዓ.ም. (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቻርልስ ስቱዋርት ኬኔዲ የተባሉ የቀድሞ የቆንስላ ሰው ባልደረቦቻቸውን እየቀረጹ ማነጋገር ጀመሩ፤ ዛሬ ስብስቡ ከ2,500 ቃለ ምልልስ በላይ ደርሷል። ሁሉም ወደ ጽሑፍ ተገልብጧል፣ ማንም በነፃ ያነበዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ስብስቡን ይዞታል።

ወሬው የሚጀምረው ከልደት ነው። የት ተወለድክ? አባትህ ምን ይሠሩ ነበር? የት ተማርክ? መጀመሪያ ላይ ይሄ አሰልችቶኝ ገጽ እየዘለልኩ ነበር የማነበው። በኋላ ግን ተመልሼ የዘለልኩትን ሁሉ አነበብኩ፤ ምክንያቱም ሰውየው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሰው አገር ላይ ለምን እንዲያ እንዳደረገ የሚገባችሁ ከዚያ ነው።

ቴረንስ ቶድማንን ውሰዱ። በስድስት አገሮች አምባሳደር ሆነው የሠሩ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በ1950ዎቹ ለሥልጠና ቨርጂኒያ ሲገቡ ነጭ ባልደረቦቻቸው መንገድ ተሻግረው ምሳ የሚበሉበት ምግብ ቤት እሳቸውን አያስተናግድም ነበር። የዘር መለያየት ዘመን ነዋ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። አቤት አሉ፣ ተመላለሱ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ የምግብ ቤቱን ግማሽ ተከራይቶ በግርዶሽ ከለለውና ሠራተኛው ሁሉ በቀለም ሳይለይ አብሮ እንዲበላ ሆነ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ካፍቴሪያ በስማቸው የተሰየመው በ2022 ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስለ ፖሊሲ የሚያወሩትን ገጾች በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

ባህል ላይ ያለው ክፍል በጣም ሀብታም ነው። ጥር 1958 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የባህልና የትምህርት ልውውጥ ስምምነት ፈረሙ። እንደ ዬል ሪችመንድ ያሉ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ ያሳለፉ ሰዎች ማኅደሩ ውስጥ አሉ። በዚያው ዓመት በልውውጡ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ጥቂት የሶቪየት ተማሪዎች አንዱ አሌክሳንደር ያኮቭሌቭ ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ከሶቪየቱ መሪ ከጎርባቾቭ ጎን ቆሞ ግላስኖስትን፣ ማለትም የግልጽነት ፖሊሲውን፣ የቀረጸው እሱ ነው። ተማሪ ልኮ ውጤቱን ለማየት ይሄን ያህል መጠበቅ! ሌላው ቀርቶ ሐምሌ 1959 ሞስኮ ሶኮልኒኪ መናፈሻ ላይ የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰንና የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ለማሳያ በተሠራ ኩሽና ፊት ቆመው የተከራከሩበት የአሜሪካ ኤግዚቢሽን ራሱ የዚያ ስምምነት ልጅ ነው። ዓለም የሚያስታውሰው የሁለቱን ክርክር ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በሩሲያኛ የሕዝቡን ጥያቄ ሲመልሱ የዋሉትን ወጣት አስጎብኚዎች ነው የወደድኳቸው።

አንዱን ቃለ ምልልስ ግን በአንድ ማታ መጨረስ አልቻልኩም። በኬንያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ፕሩደንስ ቡሽኔል ናይሮቢ ኤምባሲያቸው ላይ ስለደረሰው የቦምብ ጥቃት የተናገሩት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 1998 ጠዋት ከኤምባሲው አጠገብ ባለው ረጅም የባንክ ሕንፃ ላይ ከኬንያ የንግድ ሚኒስትር ጋር ስብሰባ ላይ ነበሩ። የዕለቱ አጀንዳ ንግድ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ብዙ ሰው ምን ይሆን ብሎ ወደ መስኮት ሄደ፣ ከዚያ ትልቁ ፍንዳታ መጣ። እሳቸው ከቆሰሉት ጋር ተደጋግፈው በደረጃው ወረዱ። ኤምባሲው ለመንገድ በጣም የቀረበ ነው፣ ለአደጋ የተጋለጠ ነው እያሉ ዋሽንግተንን ቀደም ብለው ሲያሳስቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ናይሮቢ ላይ 213 ሰው አለቀ። ከነሱ ውስጥ አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ።

ማኅደሩ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ቁጥር ነው። የሞቱት እጅግ አብዛኞቹ ኬንያውያን ናቸው፣ ከነሱም መካከል የኤምባሲው የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ስብስቡ ውስጥ ግን የሚያወራው በአብዛኛው አሜሪካዊው ነው። አስተርጓሚው፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ አምባሳደር በየሦስት ዓመቱ ሲቀያየር እሱ ሃያ ዓመት እዚያው የቆየው የቢሮ ሠራተኛ የት አለ? አገሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የእሱ ትዝታ ሳይቀረጽ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

በአንጻሩ የዲፕሎማት ሚስቶችን ለብቻ ማነጋገራቸው ትልቅ ሥራ ነው። እስከ 1972 ድረስ የባል የሥራ ግምገማ ላይ የሚስትየው መስተንግዶና ጠባይ አብሮ ይመዘን ነበር፤ ሴት ዲፕሎማት ደግሞ ካገባች ሥራ እንድትለቅ ይጠበቅባት ነበር። ያለ ደመወዝ ግብዣ ሲያሰናዱ የኖሩ ሴቶች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የባሎቻቸው ወሬ ውስጥ የሌለ ብዙ ነገር ይወጣል።

ንግድ ላይ ግን ስብስቡ ሳሳ ይላል። የሚፈለገውን ለማግኘት መቆፈር አለባችሁ። አንዱ ምክንያት በ1980 የንግድ አታሼነቱ ሥራ (ኤምባሲ ውስጥ ሆኖ ንግድን መከታተል) ከውጭ ጉዳይ ወጥቶ ወደ ንግድ መሥሪያ ቤቱ መሄዱ ይመስለኛል። ስለ ዲፕሎማሲ ግንኙነት የወጣው የቪየናው የ1961 ዓለም አቀፍ ስምምነት የኤምባሲን ሥራ ሲዘረዝር የኢኮኖሚ፣ የባህልና የሳይንስ ግንኙነትን አንድ ላይ ነው የሚያነሣው፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ግን ኢኮኖሚው ቶሎ ያልቅና ወደ ፖለቲካው ይገባሉ።

ልታውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ተናጋሪዎቹ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አይተው ያርሙታል። ደግሞ ትዝታ ነው፤ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ራሱን ትንሽ ብልህ አድርጎ ያስታውሳል። ስለዚህ አንድን ቀን ከአንድ ሰው ብቻ አትውሰዱ። በየአገሩ ተለይተው የተሰበሰቡ የቃለ ምልልስ ቅንጭቦች ስላሉ እነሱን ክፈቱ፤ ስለ አንድ አገር አምባሳደሩና ወጣቱ የቪዛ ሠራተኛ የሚያወሩትን ጎን ለጎን ስታነቡ ስለ ሁለት የተለያየ አገር የሚያወሩ ነው የሚመስላችሁ። ግን ረጃጅም ናቸው፣ አንዳንዱ ቃለ ምልልስ ብቻውን መጽሐፍ ያክላል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

እንግሊዞችም ከ1995 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ አላቸው። ካምብሪጅ፣ ቸርችል ኮሌጅ ነው የተቀመጠው። እሱን ገና መጀመሬ ነው። ለጀማሪ ከቶድማን ጀምሩ እላለሁ፣ ቡሽኔልን ነገ ሥራ በሌለበት ማታ አንብቧቸው።