ማያ ሙር፦ የኮሌጇ ወይስ የሚኒሶታዋ?

ከአሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማያ ሙር የኮሌጅና የሚኒሶታ ዘመን የቱ ይበልጣል? ቁጥር ብቻ ካየን ኮሌጁ ይበልጣል። ማያ ሙር በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ (እ.ኤ.አ. 2007–2011) 150 ጨዋታ አሸንፋ የተሸነፈችው በ4 ብቻ ነው። 2 ዋንጫም በላች።

እኔ ግን የሚኒሶታዋን እመርጣለሁ። ኮኔቲከት ድሮም ኃያል ነበር። የሚኒሶታው ፕሮፌሽናል ቡድን ሊንክስ ግን እሷ ከመምጣቷ በፊት ዋንጫ አያውቅም፤ ከእሷ ጋር 4 ወሰደ። እርግጥ ሊንዚ ዌለንና ሲሞን ኦገስተስን የመሰሉ ጎበዝ የቡድን አጋሮችም ነበሯት።

የ2015ቱን ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ ተመልከቱ። ውጤቱ እኩል ነው፣ 1.7 ሰከንድ ቀርቷል። ኳሷን ተቀበለች። የምትወረውር መስላ ተከላካይዋን ሸወደቻት፣ አንዴ አነጠረች፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ለቀቀችው። ገባ! 80 ለ 77።

በ2019 ደግሞ፣ ገና በ29 ዓመቷ፣ ሜዳውን ትታ፣ ያለ ጥፋቱ ታስሯል ብላ ያመነችበትን ጆናታን አይረንስን ከእስር ለማስፈታት መታገል ያዘች። በ2020 ተፈታ። ለእኔ ይሄም ከሚኒሶታዋ ማያ ጋር ይቆጠራል።