የጎንደር ጁስ ቤቶች ለጥሬ ምግብ ተመጋቢ፦ ምን ይታዘዝ፣ ምን ይቅር

ጎንደር ላይ «ጥሬ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሥጋ ቤቱ ነው። እዚህ የምንመዝነው ሌላውን ነው፦ ከ48 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያልነካው አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ የቅባት እህልና የበቀለ ጥራጥሬ። ለዚህ አመጋገብ ከተማዋ ውስጥ ቅርቡ ቤት ጁስ ቤት ነው፤ ፒያሳ ላይ ብቻ ዞር ዞር ቢሉ ምርጫ አይጠፋም። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፤ ጁስ ቤት በቀን ለአንድ ማዕድ ጥሩ ነው፣ ሙሉ አመጋገብ ግን አይሸከምም።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንደኛው አቮካዶ ነው። ቅባት ስላለው ያጠግባል፤ ካሮትና ቲማቲም ውስጥ ያለውን ቀለም ሰውነት እንዲወስደውም ይረዳል። ችግሩ ስኳሩ ነው። ስኳሩ መፍጫው ውስጥ አብሮ ስለሚገባ ጁሱ ከቀረበ በኋላ «ይቀነስልኝ» ማለት አይሠራም። ገና ሲያዝዙ «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ፣ ሎሚ ጨምቁበት» ይበሉ። ስፕሪስ ለዓይን ያምራል፣ ግን አንድ ብርጭቆ ውስጥ የሁለት ሦስት ፍሬ ስኳር አለ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጁሱን ትቶ ፍራፍሬውን ተቆራርጦ በሳህን ቢያዝዝ ይሻለዋል፤ እያኘኩ የሚበላ ፍሬ ደም ውስጥ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። የተጠለለ ጁስማ አሰሩን (ፋይበሩን) ጥሎ ስኳሩን ያስቀረ መጠጥ ነው።

ዋናው ነገር ግን ፍሬው አይደለም፣ ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማንኛውም ምግብ ቤት ውሃ በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል። ማንጎና ዘይቱን ያለ ውሃ አይፈጩም፤ አቮካዶም ይቀጥንበታል። ስለዚህ «በምን ውሃ ነው የምትፈጩት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ የታሸገ ውሃ ገዝቶ «በዚህ ፍጩልኝ» ማለት ይቻላል። በረዶም ውሃ መሆኑን አይርሱ። ሁለተኛው መመልከቻ መፍጫው ነው። ከምላጩ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ሳትፈታ ከዋለች ፍርፋሪ ይቋጥርባታል፣ ይኮመጥጣል። ከመፍጫው አፍ የእርሾ ሽታ የሚመጣ ከሆነ ሙዝ ልጦ መብላት ይበልጣል። ፍሬውም ሳይታጠብ እንዳይቆረጥ፤ ቢላዋው የልጣጩን ጭቃ ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

ሰላጣ ላይ ጠንከር እንላለን፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሆዱን የሚታመመው በሱ ነው። ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ የለማ ቅጠል አሜባ፣ ጃርዲያና የወስፋት እንቁላል ይዞ ይመጣል። ሎሚ ወይም አቼቶ እነዚህን አይገድልም። በረኪናም ባክቴሪያውን ይቀንሳል እንጂ የወስፋትን እንቁላልና የአሜባን ቅርፊት እምብዛም አይደፍርም፤ እነዚያ የሚወገዱት በማሸት ነው። በቤት ሲሠሩ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይገንጥሉ፣ እየፈሰሰ ባለ ውሃ ከሁለቱም በኩል በጣት ይሹ። ከዚያ በ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምረው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ በመጨረሻም በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ጭቃው ካልለቀቀ በረኪናው ኃይሉን ጭቃው ላይ ይጨርሳል። ምግብ ቤቱ ይህን ማድረጉን ማረጋገጥ ካልቻሉ ቅጠሉን ትተው የሚላጠውን፣ ማለትም ካሮት፣ ኪያርና ቀይ ሥር ይዘዙ።

ጁስ ቤት የማይሸጠውን ቅዳሜ ገበያ ይሸጠዋል። የበቀለ ምስር ለመሥራት ድፍን ምስር ያስፈልጋል፣ ክክ አይበቅልም። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባም እንዳይሆን። አንድ ብርጭቆ ምስር በሦስት ብርጭቆ ውሃ ማታ ነክረው ጠዋት ያጥልሉ፣ በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ጠዋትና ማታ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁት። በሁለት ሦስት ቀን ጭራ ያወጣል፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ አንድ ቀን ይጨምራል። ከሸተተ ወይም ካሟለጨ ይጣል፤ ለቡቃያ የሚመቸው እርጥበት ሆድ ለሚያሳምመው ሳልሞኔላ ባክቴሪያም ይመቸዋል። ሰሊጥ ከመተማና ከሁመራ ስለሚወርድ ትኩሱን ማግኘት አይከብድም። ተልባ ካልተፈጨ እንደገባ ይወጣል፤ ጥሬውን በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ሊበሉ ሲሉ ፈጭተው፣ ከብርጭቆ ውሃ ጋር ይውሰዱት። ተፈጭቶ የቆየ ተልባ ቅባቱ ይበላሻል።

ሁለት ጥራጥሬ ግን በጥሬው አይነካም። ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ አራት አምስት ፍሬው ብቻ ሊያስመልስ ይችላል። ጓያም አለ፤ ደንቢያና ፎገራ ላይ እግር ሽባ በማድረግ የሚታወቀው እሱ ነው። ደጋግሞ ለበላው እሸቱና ቆሎው ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ከሌላ እህል ጋር ተቦክቶ ሲጋገር ጉዳቱ ይቀንሳል። የሽንብራ እሸት ግን ይበላ፣ ግሩም ነው።

«ማብሰል ኢንዛይም (በምግቡ ውስጥ ያለውን ሥራ አፋጣኝ ፕሮቲን) ይገድላል» የሚለው የጥሬ ምግብ ተመጋቢዎች ስብከት ብዙ አያሳምንም፤ የተክሉን ኢንዛይም የሆድ አሲድም ያፈርሰዋል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት መቀነሱ እውነት ነው፣ የቲማቲም ቀይ ቀለም ግን በዘይት ሲበስል ነው በደንብ የሚዋሐደው። የእንጀራ ቡኮም ብረትና ዚንክ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል፤ ከገበታ የሚያስወጣው ምክንያት አይታየንም። ሙሉ በሙሉ በጥሬ አትክልት የሚቆይ ሰው ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን መውሰድ አለበት፣ ከተክል አይገኝም። እንቅርት በሚታወቅበት ደጋ አገር ጥሬ ጥቅል ጎመን በየቀኑ የሚበላ ደግሞ ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበትን ይምረጥ።

እርጉዝ ሴት፣ ሕፃንና በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው የውጭ ሰላጣና ቡቃያ ይቅርባቸው። ለእነሱ ጁስ ቤቱ ውስጥ ታጥቦ ፊታቸው የሚላጥ ሙዝና ብርቱካን አለ።